እትዬ ብርቄ የቀየሩኝ ቦታ

ባለፈው እሁድ ሞርስ ሮድ ካለው ሱቅ አስቤዛ ገዝቼ እትዬ ብርቄ ዘንድ ስሄድ፣ የአፓርታማቸው ደረጃ ገና መወልወሉ ነበር። ሽታው ከበሩ ላይ ተቀበለኝ። ከበረኪና ይከርራል፣ ትንሽ ጣፋጭ ነገርም አለው፣ አፍንጫን አልፎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ዕቃዬን እንደያዝኩ ወደ ውጭ ተመልሼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ያንን ሽታ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

አሁን ጸጉሬ ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ያኔ ግን ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁ። ኮቪድ ዓለሙን ሁሉ ቤቱ ሲከተው፣ እኛ ግሮቭ ሲቲ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የማጽጃ ኬሚካል ከበርሜል እየቀዳን፣ በውሃ እያቀጠንን ጠርሙስ እንሞላ ነበር። አገሩ የበር እጀታ ሲወለውል ስለሚውል ኦርደር አያልቅም። እኔ የተመደብኩት ማደባለቂያው ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም። እትዬ ብርቄ ደግሞ የጭነት መኪና በሚጠጋበት ትልቁ በር ላይ ካርቶን ያሽጋሉ። በሩ ሲከፈት የኦሃዮ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቢሆንም ንጹህ አየር ነው።

እትዬ ብርቄ ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴ ስለሆኑና መኪና ስለማይነዱ በእኔ አሮጌ መኪና አብረን እንመላለስ ነበር። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሆነው የቪዛ ፕሮሰሳቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ሥራዋን የሙጥኝ ያሉትም ለዚሁ ነው። እኔ ሥራ በገባሁ በሳምንቱ ዓይኔ ደም መስሎ ስስል አዩኝ።

«አቤልዬ፣» አሉኝ በማግስቱ መኪና ውስጥ፣ «እኔ ይሄን የበሩን ብርድ አልቻልኩትም። ጉልበቴን ጨረሰኝ። ውስጥ ይሞቃል አሉ፣ እስቲ ቀይረኝ።»

«እትዬ፣ እዚያ እኮ ኬሚካሉ...»

«ውይ! ዕድሜዋን ሙሉ በበረኪና ስታጥብ የኖረችን ሴትዮ በኬሚካል ታስፈራራለህ? ቀይረኝ አልኩህ!»

የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ውለታ ሲውልልህ የለመነህ እሱ ይመስላል። ጉልበታቸው ደህና እንደነበር አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወስዳቸው ከእኔ ቀድመው ነበር የሚራመዱት። እንዳልገባኝ ሆኜ እሺ አልኩ።

ሳያስፈቅዱ ቦታ መቀያየር ያስቀጣል። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ብቅ ሲል ወደየቦታችን እንሮጣለን፣ ዞር ሲል እንመለሳለን። መጀመሪያ ላይ እንደ ድብብቆሽ ያስቀን ነበር።

ምሳ መኪናዬ ውስጥ ነው የምንበላው። እትዬ ብርቄ ቃሪያን እንደ ብርቱካን የሚበሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ሲበሉ እኔ ያልበኛል። ብርዱ ሳይወጣ ግን አልጫ ብቻ መቋጠር ጀመሩ።

«ምነው እትዬ፣ ፈረንጅ ሆኑ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«ጉሮሮዬን ለበለበኝ» አሉና ለእኔ ብለው የያዙትን ቃሪያ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔም በላሁት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እየሳቅሁ በላሁት እኮ!

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ሌሎቹም ሠራተኞች ዓይናችንን አቃጠለን ብለው ስላማረሩ፣ ድርጅቱ የሥራ ቦታ አየር የምትመረምር ባለሙያ አመጣ። ሳቂታ ወጣት ፈረንጅ ናት። የማደባለቂያው ክፍል ሠራተኛ ማን ነው ብላ ስትጠይቅ ሱፐርቫይዘሩ እኔን ጠራኝ። ትንሽ ፓምፕ ወገቤ ላይ አሰረች፣ ቱቦውን ኮሌታዬ ላይ ሰካች። አንተ የምትተነፍሰውን አየር እሱም ይስባል፣ ከዚያ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው እናውቃለን አለችኝ። «እንደ ሁልጊዜህ ሥራ» ብላም አሳሰበችኝ።

እሷ እስክትሄድ ክፍሉ ውስጥ ቆየሁ። ወዲያው እትዬ ብርቄ ገቡና ወደ በሩ ገፋ አደረጉኝ።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር እርስዎ ቢያስሩት ነው የሚሻለው። ልንገራት።»

«አብደሃል? ተቀያየሩ ብለው ሁለታችንንም ሊያባርሩን? የልጆቼን ነገር እያወቅህ! ዝም አይነቅዝም፣ ሂድ።»

ሄድኩ። ባለሙያዋ ብቅ ስትል እየሮጥኩ እገባለሁ፣ ስትርቅ እወጣለሁ። የቀረውን ቀን እንደ ሁልጊዜዬ በሩ ላይ ዋልኩ። ፓምፑም ወገቤ ላይ እያጉረመረመ የመጋቢትን ብርድ ሲስብ ዋለ።

ውጤቱ ሲመጣ ሱፐርቫይዘሩ ሰብስቦን የማደባለቂያው ክፍል አየር ችግር የለበትም አለ። አየር ማውጫ ይገጠማል የተባለው ቀረ፣ ደህና ጭንብል ይገዛል የተባለውም ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተበተነ። እትዬ ብርቄ ጠቅሰውኝ፣ እያሳሉ ወደ ክፍሉ ገቡ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እኔ ግን ቦታዋ ተስማምታኝ ነበር። እውነቱ ይሄ ነው፣ በልጆቻቸው አላሳብብም። በጋ ላይ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ሐኪሙ ሳንባዎ ተጎድቷል አላቸው፤ ሥራውንም ተዉት።

ይህን እያሰብኩ ቆሜ ሳለ እሳቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተክርስቲያን መጡ።

«ምን ይገትርሃል እዚህ? ቃሪያ ነው የያዝከው?»

«ለልጆቹ ነው። እትዬ፣ ያን ጊዜ ለባለሙያዋ ብነግራት ኖሮ...»

«ጀመረህ ደግሞ! ልጆቼ መጡልኝ፣ አንተም ይኸው ጤነኛ ነህ። ምን ቀረኝ?»

ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሙ። ብረቱን ይዘው ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የትንፋሽ መድኃኒት መንፊያ ከቦርሳ አወጡና፣ «አንተ ቅደም፣ ዕቃው ይከብድሃል» አሉኝ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል በዓይናቸው ገሠጹኝ። ቀደምኩ። ከነዕቃዬ በራቸው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ከታች ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል። የእኔ ትንፋሽ ፈጠን እንኳ አላለም፤ አፈርኩበት።