ሾፌሩ ወርዷል

«አትዝጊው!» አለችኝ እናቴ፣ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ስኳር ድንቹን በአመዱ ውስጥ እያገላበጠች። «ሾፌሩ ወርዷል። ሾፌር ወርዶ ሳለ በር ይዘጋበታል?»

«የት ወረደ?»

«ጎማ ሊያይ ነዋ! ካኮን አልፈው ዳገቱ ላይ ናቸው። አሁን ይመለሳል።»

ጣቴን ከመጫወቻ መኪናዬ ትንሽ በር ላይ አነሳሁ።

*

ልጅ ሳለሁ፣ ጂንካ መሀል የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ላሞች ይግጡ በነበረበት ጊዜ፣ የእኛ ቤት ተረት ሁሉ የሚነሳው ከዚያች መኪና ነበር። አረንጓዴ ላንድሮቨር፤ ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም፣ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራች፣ የፊት በሮቿ የሚከፈቱ። አባቴ ነው ከኦሞራቴ ያመጣልኝ። ከኬንያ በኩል ከመጣ ነጋዴ ገዛት፤ ያኔም አሮጌ ነበረች። «ለሴት ልጅ መኪና?» ብለው ጎረቤቶች ሲስቁበት፣ «አሻንጉሊት ብገዛላትስ በእግሯ ልትሄድ ነው?» አላቸው ይባላል።

እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት እውነተኛዋ ላንድሮቨርም አረንጓዴ ነበረች። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አለቆቹ ሻንጣቸውን ጭነው ወደ ድንበሩ ሲሄዱ የነዳቸው እሱ ነው። አድርሷቸው ሊመለስ። እነሱ ተሻገሩ። እሱ በዋናው መንገድ መኪና የሚቀሙ አሉ ሲባል ሰምቶ፣ የኦሞን ወንዝ ይዞ በጫካው በኩል ባዶ መኪናውን አዞረ አሉ። ከዚያ ወዲያ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

ፊቱን አላስታውስም። ማጅራቱን ግን አስታውሳለሁ፤ ከኋላ መቀመጫ ሆኜ የማየውን።

*

ያኔ መብራት በጄኔሬተር ነበርና ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች፤ የጭሱ ጥቁር ክር ወደ ቆርቆሮው ይወጣል፣ ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ እኔ በሁለቱ መሀል ሰሌን ላይ እተኛለሁ። መኪናዋን ከምድጃው ፊት ታቆማታለች። ፍሙ በመስኮቶቿ ላይ ሲቀላ፣ ውስጧ መብራት ያለ ይመስለኝ ነበር።

«ዛሬ አባትሽ የት ደረሰ?» ትለኛለች፣ የማታውቅ መስላ።

በተረቷ ውስጥ አባቴ ሁልጊዜ እየተመለሰ ነበር። መንገደኛ ነው የበዛበት። ኤሊ ከነቤቷ ትሳፈርና ለዕቃ አልከፍልም ብላ ትጨቃጨቃለች። ዥግራዎች እየተንጫጩ ከኋላ ይሞላሉ። ፍየል ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ትቀመጣለች። ሲመሻሽ ደግሞ ጅብ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

«እኔስ?»

«አንተ ከፍየል ጋር?» ይላል አባቴ። «ፖርቶመጋላው ላይ ውጣ!»

ጅቡ ጣሪያው ላይ ይወጣል። በልቶ የጠገበ ጅብ ነውና ሲቀመጥ የዕቃ መጫኛው ብረት የቀኝ ጥጉ ይጎብጣል። እኔ እንዲወርድ ብዬ «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» እያልኩ ሰሌኑን እደበድባለሁ።

አንዳንድ ማታ ጋሽ ኢሳያስ አብሮን ይሰማል። የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ የዚያው መሥሪያ ቤት መካኒክ፣ የአካባቢው የአሪ ሰው ነው፤ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን። የጅቡ ነገር ያናድደዋል።

«እትዬ አስካለ፣ የመኪናችንን ፖርቶመጋላ ያጎበጠው ቅርንጫፍ ነው እኮ! ማጎ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ነው የመታው። እኔ በመዶሻ ስቀጠቅጠው ከርሜ እምቢ ያለኝ።»

«አንተ እዚያ ነበርክ?»

«መኪናው ውስጥ ነበርኩ!»

«እንግዲያው ምኑን አየኸው? ጅቡ ጣሪያ ላይ ነው።»

አንድ ቀን አባቴ ለምን እንደዘገየ ስጠይቃት፣ ዝሆን አሳፍሮ ከጂንካ ወዲያ ሃና ከተማ ሊያደርሰው ሄደ አለችኝ። ሞኝ አልነበርኩም።

«ሃና ከሄደማ በኛ ደጅ ነው የሚያልፈው!»

 ፍሙን በቁራጭ እንጨት ቆሰቆሰችው።

«ሌሊት ነው ያለፈው። ተኝተሽ ነበር። እንዳትነቂ ብሎ ክላክስ አላደረገም።»

ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ጆሮዬ እንደነቃ ተኛሁ። አሁንም እንደዚያው ነው የምተኛው።

ተረቱ አያልቅም ነበር። ካኮን አልፎ የጂንካ ቆርቆሮዎች ሊታዩት ሲሉ አባቴ ይወርዳል፤ ጎማ ሊያይ፣ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ሊጨምር፣ ለኤሊዋ ዕቃ ሊያወርድላት። እናቴ የመኪናዋን በር በጥፍሯ ትከፍተዋለች። «ሾፌሩ ወርዷል» ማለት፣ ተኚ ማለት ነበር።

*

ሴቶቹ ይመጡ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይቀመጡና ይጀምራሉ። «አስካለ፣ ተዝካሩን አውጪለት እንጂ። ነፍሱ ትጠብቃለች።»

«ለወረደ ሰው ተዝካር አይወጣም።»

ጥቁር አልለበሰችም። ለቅሶ አልተቀመጠችም። አንዲት ሴት፣ ኬንያ ሌላ ሚስት አግብቶ እንደሚኖር ሰምቻለሁ ስትላት፣ እናቴ ጎደሬ መላጧን ሳታቋርጥ «ያግባ» አለች። «እሷም ትሳፈር። ቦታ አለ።»

*

አዲስ አበባ። ካደግሁ በኋላ የምኖርባት አንድ ክፍል ቤት። መደርደሪያው ላይ መኪናዎች፤ ጎማ የሌላቸው፣ ኮፈናቸው የተገነጠለ፣ ቀለማቸው ውሻ ያኘከው የሚመስል። ከመርካቶ ቁርጥራጭ ብረት መሀል የለቀምኳቸው፣ ቤት የሚለቁ ሰዎች «ውሰጂልን» ያሉኝ።

እጄ የሚያውቀው ሥራ ይሄ ነው። የመኪናዋን ሆድና አካል አያይዞ የያዘውን ሪቬት የሚባል ችንካር በቀስታ እሰረስረዋለሁ። ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ስትቆይ አሮጌው ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል፤ በጥርስ ብሩሽ ሳሸው ይነሳል። ራቁቷን ስትቀር ግራጫ ናት፤ ሁሉም ግራጫ ናቸው። ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስስ ቀለም፣ መጠበቅ፣ እንደገና ስስ ቀለም።

«አሁንም መኪና ትጫወቻለሽ?» ይለኛል ጋሽ ኢሳያስ በስልክ።

«እጠግናለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔም ስጫወት ነዋ ያረጀሁት፣ የኔ መካኒክ!»

ከእናቴ ተረት ምን እንደቀረኝ ስጠየቅ እንስሶቹን እናገራለሁ፤ ሰው ይስቃል። የቀረኝ ግን ሌላ ነው። ቆሞ የማየው መኪና ሁሉ ውስጡ ሰው ያለ እየመሰለኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ታክሲ ተራ፣ ጋራዥ ደጃፍ፣ መብራት ላይ። ሰዎች ይጋፉኛል። አልፋለሁ።

አረንጓዴዋ ላንድሮቨር ጂንካ፣ እናቴ መስኮት ላይ ነበረች፤ በሯ ወደ ግቢው ተከፍቶ። ፀሐይ ቀለሟን በላው፣ የበሩ ማጠፊያ ዝጎ እንደተከፈተ ደረቀ። ልጠግናት ስለምናት ብዙ ዘመን እምቢ አለችኝ። በመጨረሻ በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ሁሉን አድሺ። በሩን ግን እንደከፈትኩት መልሺልኝ።»

የድሮውን አረንጓዴ፣ ፀሐይ ያልደረሰበትን፣ ከሆዷ ሥር አግኝቼ እሱን የመሰለ ቀለም አዋሐድኩ። ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቼ አላቀቅሁት፤ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እስከ መጨረሻው ግን አልገፋሁትም። ያ በር ሲዘጋ ድምፁ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። በመጨረሻ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ፖርቶመጋላ በየድኩላት። የቀኝ ጥጉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ጎበጠ።

እናቴ ስትቀበለኝ አገላብጣ አየቻት። ጣሪያዋ ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈነዳች።

«ጅቡንም አልረሳሽው!»

መስኮቱ ላይ መለሰቻት። በሯ ወደ ግቢው።

*

ባለፈው በጋ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ወንዙ እጅግ ጎድሎ ነበር አሉ፣ ኦሞ። ሲመሻሽ ጋሽ ኢሳያስ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። አልቀለደም። ኦሞራቴ ዓሣ የሚነግድ ዘመዱ ፎቶ ልኮለት ነው።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ። ዓይኗ ደክሟል። ፎቶውን በጣቶቼ ከፍቼ አሰፋሁላት።

አሸዋ። ከአሸዋው ውስጥ የወጣ የመኪና አካል፤ መስታወት የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የዛገ ብረት ብቻ። ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የዕቃ መጫኛ ብረት፤ የቀኝ ጥጉ ጎብጧል።

ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ። ሽቦዬን፤ የተጫንኩትን ጥግ። እናቴም መስኮቱን እያየች ነበር። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ጅቡ የተቀመጠበት» አለች።

ጋሽ ኢሳያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም ቢሆን ቅርንጫፍ ነው ከማለት ያልተመለሰ ሰው፣ «አዎ እትዬ» አለ። «ጅቡ ነው።»

«ወደ ታች ውሰጂኝ። ወደ ሾፌሩ በር።»

ወሰድኳት። አሸዋው እስከ እጀታው ደርሷል። ፎቶው ጥሩ ነበር፣ ከቅርብ የተነሳ። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ዝግ ነው?»

አጠገቧ ጎንበስ ብዬ በሩን አየሁ።

«ልጄ፣ ዝግ ነው ወይ?»

«ዝግ ነው፣ እማዬ።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ብርሃኑ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ «አውት ነው! አውት ነው!» ይላል።

«እትዬ አስካለ» አለ ጋሽ ኢሳያስ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «ለዕድሩ ልንገር? ድንኳን ይምጣ?»

ተነሳች። መኪናዋን ከመስኮቱ አነሳቻት። አቧራዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ መጀመሪያ ጣሪያዋን፣ ቀጥሎ መቀመጫዋን፣ ጣቷ እስከገባ ድረስ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ውስጧን አየች። ከዚያ አውራ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈችና ገፋችው።

ቀጭ አለ።