እናቴን ያመጣት አውሮፕላን

ሚስቴ እኔን ለሰው ስታስተዋውቅ «ልጅነቱን ሳይጨርስ ነው ያገባሁት» ትላለች። አልቀየማትም፤ እውነቷን ነው። አዳማ ውስጥ ማስታወቂያ እሠራለሁ፤ የሱቅ ስም፣ የፋርማሲ መስቀል፣ ሆቴል በር ላይ የሚበራ ጽሑፍ። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ከተራረፈው ፎምና ፕላስቲክ ለራሴ መጫወቻ እሠራለሁ። የጭነት መኪናው፣ የድሮው ባቡር፣ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ሁሉም ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ተኮልኩለዋል። አቧራቸውን የምትጠርገው እሷ ስለሆነች የመናገር መብት አላት። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ይፍረድላት።

እናቴ ከባቱ ጠቅልላ ወደ እኛ የመጣችው ዓይኗ ሲደክም ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። ጠብታው የቀረውን ቢያቆይላት እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ጨለማው ከዳር ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ መሐል ነው የሚመጣው። «በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው» ትላለች። ፊት ለፊቷ ያለችውን ጠባብ ቦታ ጥርት አድርጋ ታያለች፤ አጠገቧ የቆመውን ሰው ግን እስኪናገር አታውቀውም። ሽሮ ውስጥ ያለች ጠጠር አይታ የምታወጣ ሴት፣ በሩን ስታልፍ ትከሻዋን ትመታዋለች። ይህን ማየት ያመኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፎም ስቆርጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ያመጣንን አውሮፕላን መሥራት ትችላለህ?» አለችኝ።

«የቱን አውሮፕላን?»

«አንተንና እኔን ከአስመራ ያመጣንን ነዋ።»

ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ወዲያው ሌላ ወሬ የሚነሣበት ታሪክ ነው። አባቴ ወታደር ነበር። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል የወታደር ቤተሰቦችን በጦር ሠራዊቱ የጭነት አውሮፕላን ወደ መሐል አገር ሲያወጡ፣ እኔ ገና በእቅፍ ያለሁ ሕፃን ነበርኩ። እናቴንና እኔን አሳፍሮ እሱ ቀረ። አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። እናቴ እህቷ ወዳለችበት ወደ ባቱ ወርዳ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለተች አሳደገችኝ። የአባቴ ፎቶ እንኳን የለንም።

መቼም አልዋሽም፣ እናቴ ስትጠይቀኝ ያሰብኩት ስለ አባቴ አልነበረም። ባለ አራት ሞተር! ያ ትልቅ ጅራት! የት አባቱ ይሄዳል፣ በደንብ አድርጌ እሠራዋለሁ አልኩ። ከኢንተርኔት ፎቶና ንድፍ ሰበሰብኩ። መጠኑን ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ አሳነስኩት፤ በዚህ ልክ ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም፣ አንድ ሰው ደግሞ የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህላል። ቦዲው ከውሃ መውረጃ ቱቦ ተሠራ። ክንፉን ከፎም ቀርጬ በስስ ፕላስቲክ ለበጥኩት። የብሎኑን ረድፍ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ወጋሁ፤ መስኮቶቹን ካረጀ የራጅ ፊልም አወጣሁ። ለሞተሮቹ የሚሆን ነገር ሳጣ ሚስቴ የእናቴን የዓይን ጠብታ ባዶ ብልቃጦች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልክክ አሉ። ብቻ ልጅነቴን እንዳልጨረስኩ የምትናገረው ሴትዮ ራሷ ገብታበታለች።

በረንዳ ላይ ግራጫ ቀለም ስነፋው ነፋሱ ተነሣና እርጥቡ ቀለም ላይ አቧራ ለጠፈበት። ስበሳጭ ሚስቴ፣ «እውነተኛውስ አቧራ ላይ አይደል የሚያርፈው? ተወው፣ አመረበት» አለች። እውነትም አምሮበታል።

ሲያልቅ እንደ ታቦት በሁለት እጄ ተሸክሜ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። አፍንጫውን ዳሰሰች፣ ክንፉን ዳሰሰች፣ በጣቷ ፕሮፔለሩን አሽከረከረች። ከዚያ እጇ ከጅራቱ ሥር ሄዶ አንድ ነገር ፈለገ።

«በሩ የታለ?»

«እዚህ ጎን ላይ ነው፣ እማ።»

«እሱ አይደለም። የኋላው። የገባንበት።»

የኋላውን የጭነት በር በመስመር ብቻ ነበር ያሳየሁት፤ አይከፈትም። ነገርኳት። «እ» አለችና እጇን ሰበሰበች። በቃ፣ ያ ሁሉ የብሎን ረድፍ ከንቱ ሆኖ ታየኝ።

ያን ጊዜ ነው ያልሰማሁትን የነገረችኝ። «አባትህ ዕቃዬን ይዞ እስከ ውስጥ አስገባኝ። በግራ በኩል ግድግዳውን ይዞ በሚሄደው ረጅም ወንበር ላይ ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። መሐሉን ጭነት ሞልቶታል፤ በመረብ ጠፍረውታል። ‹ውረድ፣ ውረድ› አሉት። ‹ከመወጣጫው ሥር ቆሜ በሩ እስኪዘጋ አይሻለሁ› ብሎኝ ወረደ። ለካ እኔ ከተቀመጥኩበት ጭነቱ ጋርዶኛል፤ እሱን አላየውም። እንዳትነሡ ብለውናል። ጠራኝ መሰለኝ፣ ሞተሩ ድምፁን ዋጠው። እኔም እዚህ ነኝ ብዬ ምልክት ሰጠሁት። በሩ ተዘጋ። አይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በልኩ አሳንሰህ ትሠራለህ። ዓይኔ ሳይጨልም ልወቀው ብዬ ነው።»

ጣሪያውን በመጋዝ ከፈትኩት። ሚስቴ ማየት አቅቷት ወጥታ ሄደች። የኋላውን በር ቆርጬ መወጣጫ አደረግኩት። ረጅሙን ወንበር ከቀይ ሪባን ሠራሁ። ጭነቱን በፎም ከምሬ በፋሻ ቁራጭ እንደ መረብ ጠፈርኩት። ቁመቱን ስጠይቃት ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ብንጠራራ ጫፉን እነካው ነበር፤ ወደ በሩ እየሄደ ግን ዝቅ ይላል» አለችኝ፤ እንዳለችው አደረግኩት። እናቴን ከክብሪት እንጨት ቀርጬ ነጭ ክር እንደ ነጠላ አለበስኳት። እኔ አንድ ፍሬ ሩዝ ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ በቡኒ ክር፣ በአንቀልባ ታዝያለሁ። አባቴን አረንጓዴ ቀብቼ ከመወጣጫው ሥር አቆምኩት። ፊት አልሣልኩለትም፤ ምን ብዬ ልሣል።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ለሚበራ ጽሑፍ ከምንጠቀምባቸው አምፖሎች ትንሿን አባቴ ዓይን ላይ አድርጌ አበራለሁ፤ ብርሃኑ የደረሰበት ዓይኑም ይደርሳል። መጀመሪያ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሞከርኩት። ብርሃኑ በጭነቱ አናት ላይ አልፎ ጣሪያው በነበረበት በኩል ወጣ። እናቴ ጥላ ውስጥ ናት። የተዘረጋ እጅ የሚያህል ስንጥር አጠገቧ ብሰካም እሱም ጥላ ውስጥ ቀረ። ትንሽ ቀረው፤ ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው። መቁረጫው እጄ ላይ ነው። ከፎሙ አናት ሁለት ሚሊ ብቀንስ ማን ያውቃል? እሷ ራሷ እንኳን አታውቅም። ቢላውን ደጋግሜ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። አልቆረጥኩም፤ ልነግራትም አልደፈርኩም። ቤት ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩትና «ሙጫው አልደረቀም» አልኳት።

«አሁንም አልደረቀም?» ትላለች በማግሥቱ። በሦስተኛው ቀን፣ «ይሄ ሙጫ ሲሚንቶ ነው እንዴ?»

ሚስቴ ገብቷታል። ጓዳ ጠርታ «ንገራት» አለችኝ። «ውሸት ከሆነ የምትፈልገው፣ ራሷ ለራሷ መዋሸት አቅቷት ነው እስከ ዛሬ የቆየችው?»

እሁድ ከምሳ በኋላ አውርጄ ፊቷ አስቀመጥኩት። «እማ» አልኩ፣ «ሞክሬዋለሁ። እጅሽ አይታይም።»

ፊቷን ማየት ፈርቼ ምንጣፉን አየሁ። እሷ ግን ጣቷን ወደ ውስጥ ሰዳ ቀዩን ወንበር ይዛ እየዳሰሰች ሄደችና ክብሪቷን አገኘቻት።

«ይሄ ጀርባዬ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በአንቀልባ?»

«በአንቀልባ።»

«አንተ ሰውዬ! ግድግዳ የተደገፈ ሰው ልጅ አዝሎ ይቀመጣል? ልጨፈልቅህ ነው እንዴ?» ሳቋ መጣ። ሚስቴም ከበሩ አጠገብ ሆና ሳቀች። «ወንድ የሠራው ነገር! ልጅ የሚታዘለው ቆመህ ስትሄድ ነው፤ ስትቀመጥ ይፈታል።»

እውነትም። ስንት ሴት በአውቶቡስ ስትሳፈር አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የምታደርገው አንቀልባዋን መፍታት ነው። «ታዲያ የት ነበርኩ?» አልኳት።

«እላይ ነዋ!»

ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ መዳፏን ከፈተች። ሳሎናችን መሐል፣ አየር ላይ፣ የሆነ ነገር የያዘች መስላ ቆየች።

«አንተን ነው ያነሣሁህ። እጄን ምን ያደርግለታል? ልጁን ይይ ብዬ እንጂ። ታለቅስ ነበር። ክንዴ ዝሎ እየተንቀጠቀጠ፣ በሩ እስኪዘጋ አላወረድኩህም።»

«እማ፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምልክት ሰጠሁት አልኩህ እኮ። ልጅ የያዘች ሴት ሌላ ምን ምልክት አላት?»

ሩዟን ከአንቀልባው የፈታችው ሚስቴ ናት፤ በቅንድብ መንቀያዋ። ከቀጭን ሽቦ ሁለት ክንድ ሠርቼ እናቴን ወደ ላይ አስዘረጋኋት፤ ሩዟን ጫፉ ላይ በአንዲት ጠብታ ሙጫ ለጠፍን። ይህ ሙጫ ወዲያው ደረቀ። ሚስቴ መጋረጃውን ሳበች። አባቴ ዓይን ላይ ያለውን መብራት አበራሁ።

ብርሃኑ በጭነቱ ላይ አልፎ ሩዟን አገኛት። እናቴ፣ ወንበሩ፣ ነጠላው፣ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ናቸው። ከጭነቱ አናት በላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ።

እናቴን ከጎን ሆና እንድታይ አላስቸገርኳትም። በጅራቱ በኩል አዞርኩላት። ጎንበስ ብላ ዓይኗን አባቴ ከቆመበት አጠገብ አደረገች። የቀራት ዓይን በቱቦ ውስጥ የሚያይ ዓይን አይደል፤ የሠራሁላትም ቱቦ ነው፤ አንዱ ለአንዱ የተለካ መሰለ። ብዙ ቆየች።

«እኔ አልታይም» አለች።

«አዎ። አንቺ አትታዪም።»

«ይሁን። እኔን ያውቀኛል።» እንደገና አየች። «ትንሽዬ ነህ። አንተዬ፣ እንዴት ትንሽዬ ነህ! ግን ትታያለህ። አይቶሃል፣ ኢልማ ኮ።»

ባቱ እያለን ጎረቤቶቻችን «ልጄ» ብለው በኦሮምኛ በሚጠሩኝ ስም ነው የጠራችኝ። ጥያቄው የእሷ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ የእኔም ኖሯል፤ አባቴን አላውቀውም እል ነበር እንጂ እሱ እኔን ማወቅ አለማወቁን ጠይቄ አላውቅም። እንባዬን መጋረጃው ደበቀልኝ።

ሚስቴ መጋረጃውን ልትከፍት ስትነሣ፣ እኔም ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ መብራቱን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ዓይኗን ከጅራቱ ሳትነቅል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው» አለች። «እስኪጠግብ ይይህ።»