ልመልሰው ነበር

ተረኛዋ ጠበቃ ሮዊና መጀመሪያ ያየችው የተከሳሹ ሽማግሌ ጉልበት ላይ የተጣበቀውን ነጭ የውሻ ጸጉር ነበር። ሽማግሌው ለችሎት ብሎ ሱሪውን ተኩሶ ጫማውን ወልውሏል፤ ጸጉሩን ግን አላራገፈውም። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ዳቦ ቤት ደጃፍ ታስሮ ዝናብ ሲመታው ያገኘውን የሰው ውሻ ፈትቶ ወደ ቤቱ ወስዷል። ፖሊስ መጥቶ እስኪቀበለውም አብሮት ከርሟል። ከተፈረደበት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆችን መንገድ የሚያሻግርበት ሥራ ይቀርበታል።

«አባባ፣ ሕጉ ስርቆት የሚለው ለዘለቄታው ሊያስቀሩት አስበው ከሆነ ነው። ሊመልሱት አስበው ነበር?»

«በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«እሱን መች ጠየቅኩዎት!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» ፈገግ አለና ከረቫቱን አስተካከለ። «ስም አውጥቼለት ነበር እኮ። ለሚመልሰው ውሻ ስም የሚያወጣ ማን አለ?»

«ማን አሉት?» ጥያቄው ከአፏ አመለጣት።

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ለውሻው ያወጣው የሚስቱ ስም ይሁን የልጁ፣ ወይም የማንም ያልሆነ፣ ሮዊና ልታውቅ አልቻለችም። የችሎቱ አስጠሪ በሩን ከፍቶ ሽማግሌውን ጠራው።

«ዳኞቹን ምን ሊሏቸው ነው?» አለች።

«የሆነውን ነዋ» አለና መንገድ እንደሚያሻግራት ሕፃን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ችሎቱ ገባ።