ሦስት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰችው ሮዝሊን ታስከር

ሮዝሊን ታስከር ዕድሜዋን ለአንድ ዓሣ ሰጥታለች። ዓሣው ከከተማችን ከሆባርት በስተደቡብ፣ በረዶ ለመሆን ጥቂት በቀረው ባሕር ውስጥ ይኖራል። ደሙ ቀይ አይደለም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። መጀመሪያ በብልቃጥ ያሳየችኝ ቀን አላመንኋትም።

«ይሄ ደም ነው?»

«ደም ነው። መታየት የማይፈልግ ደም» አለችኝ።

የአጥር ጎረቤቴ ናት። በወጣትነቷ ከዚያ ዓሣ ውስጥ ብርድ የጎዳውን ሴል የሚጠግን ፕሮቲን አገኘች። ለዓመታት ለፍታ ያረጋገጠችው ግን አንድ እንግዳ ነገር ነበር፦ ፕሮቲኑ ብቻውን ሲሆን ምንም አይሠራም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ እጅግ ትንሽ ባልንጀራ ፕሮቲን አጠገቡ ሲደርስ ብቻ ይነቃል። ፕሮቲኖቹ እንደ ጥቁር መስመር ከሚታዩባቸው የሙከራ ምስሎች ጋር ይህን ጻፈች፤ ታተመላት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ስመ ጥር ተመራማሪ፣ ቸኩሎ ይሆናል፣ «ይህ ፕሮቲን ብቻውን ሴል ይጠግናል» ብሎ ጻፈና ምንጩ እሷ እንደሆነች ጠቀሰ። ቀጣዩ ጸሐፊ ከእሱ ገለበጠ፤ ሌላውም ከገልባጩ። ሮዝሊን ባላለችው ነገር በዓለም ዙሪያ ታወቀች። ማረሚያ እንዲያወጣላት ለመጽሔቱ ብትጽፍ፣ «ጽሑፍዎ ውስጥ ስሕተት የለም፤ ምኑን እናርም?» የሚል መልስ መጣላት። እውነታቸውን ነው።

የሚቃወማት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ዳኒዲን ከተማ ያለው ተመራማሪ ሀሚሽ ጋልብሬዝ። በየጽሑፉ «ታስከር ብቻውን አይሠራም ትላለች፤ እኛ ግን ይሠራል እንላለን» ይላል። ጉባኤ ላይ ሲገናኙ ገና ሻይ ሳትቀዳ ይጀምራታል።

«አራተኛው ምስልሽ ላይ ያለችው ደብዛዛ መስመር ምንድን ናት? ጥላ ናት ወይስ የምሳሽ ቅባት?»

«አንተ ሽማግሌ፣ መነጽርህን ጥረግ!»

«መነጽሬ ንጹሕ ነው። አንቺ ብልቃጥሽን እጠቢ!»

ይህን ስታወራኝ ፊቷ ይቀላል። እኔ ንዴት ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ያ ጽሑፏ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ቁጥር ሦስት ሺህ ሞላ። የምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ኃላፊ ትሬቨር የረፋድ ሻይ አዘጋጀላትና እኔንም ይዛኝ ሄደች። ከከተማው በላይ ያለው ተራራ አናቱ ድረስ በረዶ ለብሶ በመስኮቱ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ላሚንግተን የሚባሉት ትንንሽ ኬኮች ተደርድረዋል፤ መሐሉ ላይ ቁጥሩ በክሬም የተጻፈበት ትልቅ ኬክ። ትሬቨር ኩባያውን በማንኪያ መታ።

«ወዳጆቼ፣ ይህ ፕሮቲን ብቻውን እንደሚሠራ ለዓለም ያሳየችው የእኛዋ ሮዚ ናት!»

ተጨበጨበ። ሮዝሊን ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች።

«አይሠራም» አለች።

«ምኑ?»

«ፕሮቲኑ። ብቻውን አይሠራም። እኔ የጻፍኩት እንደዚያ ነው።»

ትሬቨር ሳቀ። «ቀልደኛ! በይ ቁረጪው፣ ሰው ራበው!»

ሁሉም ተከትለውት ሳቁ። እሷ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጽሑፏን ያነበበ የአንድ ሰው ፊት እየፈለገች እንደነበር ያኔ ገባኝ። ስታጣ ጎንበስ ብላ ቆረጠችው። ለእኔ ከቁጥሩ የመጨረሻው ዜሮ ያለበት ቁራጭ ደረሰኝ። ጣፋጭ ነበር፤ እየበላሁት አፈርኩ።

አብረን ልንመለስ ቢሮዋ ሆኜ ስጠብቃት ከሀሚሽ ኢሜይል መጣላት። ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«ጡረታ ወጥቼ ላቦራቶሪውን እየዘጋሁ ነው። ሳልዘጋው የአራተኛውን ምስልሽን ሙከራ እንደ አዲስ ሠራሁት። ትክክል ነሽ። ብቻውን አይሠራም። ውጤቱን ልኬልሻለሁ።»

ዘልላ የምትነሳ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ ታች ያለውን ወንዝ እያየች ተቀመጠች።

«ደስ አይልም እንዴ?» አልኩ።

«ጽሑፌን ያነበበው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ተስማማ።»

ቆይታ የላከውን ምስል ከፈተች፤ አጎላችው፤ ደግማ አጎላችው። ጥቋቁር መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«ሀሚሽ።»

«አንቺ! ልታመሰግኚኝ ነው ወይስ ልትሰድቢኝ?»

«ሦስተኛው መስመርህ ደብዝዟል።»

«የቱ ጋ?»

«ታች። ጥላ ነው ወይስ የምሳህ ቅባት?»

ማሳያውን ተጠግቼ አየሁ። ሦስተኛው መስመር እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጥርት ብሎ ጠቁሯል።

«ሴትዮ፣ ትክክል ነሽ እያልኩሽ እኮ ነው!»

«በዚህ ምስል አላምንህም። ድገመው።»

ከማዶ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል።

«ናሙናው ያለበትን ማቀዝቀዣ ነገ ሊወስዱት ነው» አለ ሀሚሽ።

ሮዝሊን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሺ» አለ። «እስከ ሰኞ እንዲተዉልኝ እነግራቸዋለሁ።»