ጨረታ አሸንፎ የሚጠፋው ሰው

ሰመራ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። የመንግሥት ሠራተኛው ተመድቦ ይመጣል፤ ዝውውር ሲያገኝ ደግሞ አልጋውንና ፍሪጁን ሸጦ ወደ አገሩ ይመለሳል። እኔም ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ የሚሄዱትን ሰዎች ዕቃ ፎቶ እያነሳሁ ቴሌግራም ላይ ባለ አንድ የጨረታ ግሩፕ እሸጥላቸው ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። ሻጭ ፎቶውንና መነሻ ዋጋውን ይለጥፋል፤ የፈለገ ከሥር እየጨመረ ይጽፋል፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጨረታው ይዘጋል። ሙቀቱ በረድ ሲል አሸናፊው ባጃጅ ይዞ መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ እኔን የሚፎካከሩ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። በአጠገባችን ባለችው ሎጊያ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ በጅቡቲ መንገድ የሚገባ ዕቃ ይሸጣሉ። በአካል አይቻቸው አላውቅም። መጻፍ ስለማይወዱ መልእክታቸውን ሁሉ በድምፅ ነበር የሚልኩት፤ ያ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር።

ጠባችን የተነሳው አንድ ተጫራች እያሸነፈ መጥፋት ሲጀምር ነው። የቴሌግራም ፎቶው ቀይ የጭነት መኪና ነው። ቬንትሌተር ስለጥፍ ይጨምራል፣ መደርደሪያ ስለጥፍ ይጨምራል፤ ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲተዉ እሱ ያሸንፋል። ከዚያ ብጠብቅ ብጠብቅ አይመጣም። እውነተኛ ገዢዎቼ ደግሞ በንዴት ሄደው ሌላ ቦታ ይገዛሉ። ይህን የሚሠራ ተፎካካሪ እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል አልኩና አንድ ቀን እዚያው ግሩፑ ላይ ለሴትዮዋ ጻፍኩ፦ «በሌላ ስልክ እየገባሽ ገበያዬን አታበላሺ።»

መልሱ ወዲያው በድምፅ መጣ። «አላህን ፍሪ! ገበያ የምታበላሺውስ አንቺ! ደግሞ ቀድመሽ ትጮኺያለሽ?»

ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። የሰመራ ሰው ከእኔ ጋር፣ የሎጊያ ሰው ከእሳቸው ጋር ሆነ። ግሩፑን የሚመራው የዩኒቨርሲቲ መምህር «እባካችሁ ተከባበሩ» ቢል የሰማው የለም። በመጨረሻ ሁለታችንንም እንደሚያስወጣን ተናገረ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ደጄ ላይ ባጃጅ ቆመና አንዲት ረጅም፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ ሴት ወረዱ። ስልካቸውን እንደ ዱላ ይዘውታል።

«የጨረታዋ አንቺ ነሽ?»

ድምፃቸውን እንደሰማሁ አወቅኳቸው። ግሩፑ ላይ ስሳደብ «አንቺ» ያልኳቸው ሰው በእናቴ ዕድሜ ነበሩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል» አልኳቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው እስኪጨርሱ ጠጡና፣ «እኔ የመጣሁት ለጠብ ነው፤ ውሃሽ ግን ጥሩ ነው» አሉ። ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሳቸውም ሊስቁ ሲሉ ያዙት።

ስልካቸውን ከፍተው የተበላሸባቸውን ገበያ ያሳዩኝ ጀመር። ቀዩ መኪና እዚያም አለ። ሻንጣ አሸንፎ ጠፍቷል፤ የሕፃን አልጋ አሸንፎ ጠፍቷል።

«እኔ እኮ የእርስዎ መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«እኔም ያንቺ ነው ብዬ ነው ባጃጅ ተኮናትሬ የመጣሁት!»

 ከዚያ ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ ባሉበት በቴሌግራም ወደ ቀዩ መኪና ደወሉ። የሚያነሳ አልመሰለኝም ነበር፤ አነሳ። ወንድ ነው፤ ድምፁ የደከመ ነው።

«አንተ ሰው፣ ዕቃህን የማትወስደው ለምንድን ነው?»

 ከጀርባው ሴት «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ስትለው ተሰማን። ከዚያ «ይቅርታ አድርጉልኝ እናቴ። ዱብቲ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ መነሳት አልችልም» አለ።

«ይዋሻል» አሉኝ ስልኩን ዘግተው። «ተነሺ፣ ሄደን እንየው።»

በሚኒባስ ዱብቲ ገባን። መንገዱን ሙሉ ምን ብለው እንደሚያዋርዱት ሲነግሩኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ግን አንድ እግሩ ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ፂሙ ያደገ ወጣት ሰው አየን። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በጅቡቲ መንገድ ሰርዶን አለፍ ብሎ መኪናው ተገልብጦበት ነው። እኛን ሲያይ ሊቀመጥ ሞከረና አልቻለም።

ያዘጋጁት ስድብ ከሴትዮዋ አፍ ጠፋ። «እንዴት ነህ ልጄ?» ብቻ አሉት።

«ደህና ነኝ። ሐኪሞቹ በደንብ ይዘውኛል» አለ። ዓይኑን ግን ከእኛ አሸሸ።

እኔ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ አልጋ ላይ ሆነህ መደርደሪያና ሻንጣ ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም» አለ። «እዚህ የሚጠይቀኝ ዘመድ የለኝም። ዋጋ ስጽፍ ግን ሰው ይመልስልኛል። ‹በርታ፣ ጨምር› ይሉኛል፤ ስጨምር ይስቃሉ፤ ሳሸንፍ ‹እንኳን ደስ አለህ› ይሉኛል። ቀኑ ይመሽልኛል። ሰው መጉዳቴ አልታየኝም።»

«የሕፃን አልጋውስ?» አሉት ሴትዮዋ።

ቀስ ብሎ ነገረን። ሚስቱ ጎጃም ናት፤ እሱ እዚህ ተኝቶ ሳለ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳለች። አራስ ናትና እንዳትደነግጥ ብሎ መገልበጡን አልነገራትም። በደወለች ቁጥር ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቅሁ ነው ይላታል። «ያንን አልጋ የእውነት ነው የፈለግሁት» አለ፤ እንባውም መጣ።

ሴትዮዋ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «ስማኝ። ሚስትህ አሁን ሌላ ሴት ይዟል ብላ ይሆናል የምታስበው። ከዚህ የባሰ ምን ያስደነግጣታል? ደውል።»

«አሁን?»

«እኛ እያለን።»

ደወለ። እሱ መናገር ሲያቅተው ስልኩን ተቀብለው፣ «እህቴ፣ ባልሽ በሕይወት አለ፤ እግሩ ነው፤ እኛም አለንለት» አሏት። ከወዲያ በኩል ለቅሶ ሰማን። ከለቅሶው መሐል «ተመስገን» የሚል ቃል ተሰማኝ። ቀጥሎ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ሹፌሩም የልጁን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ፊቴን ጠረግሁ።

በዚያው ዕለት እሱ ራሱ ግሩፑ ላይ በድምፅ ይቅርታ ጠየቀ። ይሰድቡታል ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያው መልስ ግን «ክፍልህ የትኛው ነው?» የሚል ሆነ። የጻፈው ቬንትሌተሬን በእሱ ምክንያት ያጣ የዱብቲ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ አላጣም። ሴትዮዋ ጾሙን አውቀው ምስርና ሽሮ ያመጡለታል፤ በፍስክ ቀንም ሥጋው አያገናኛቸውምና ዓሣ ይጠብሱለታል። ሚስቱ ጠንከር ስትል ልጇን ይዛ መጣች፤ ሎጊያ ሴትዮዋ ቤት አረፈች፤ ሕፃኑም በዚያ ሳይወሰድ በቀረ አልጋ ተኛ።

እኔና ሴትዮዋ መሸጣችንን አልተውንም፤ መፎካከራችንንም ቢሆን አልተውንም። ግን እሳቸው ጋ የሌለ ዕቃ ሲጠየቁ ወደ እኔ ይልካሉ፤ እኔም ወደ እሳቸው። ወባ የያዘኝ ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው አስታመሙኝ። አገሬ ሩቅ ነበር፤ እሳቸው ባይኖሩ ማን ውሃ ያቀብለኝ እንደነበር አላውቅም።

በኋላ ወደ አዋሽ ተዛወርኩ። አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሹፌሩ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ትንሽ ያነክሳል፤ መንዳቱን ትቶ ጋራዥ ከፍቷል። ለሴትዮዋ በቪዲዮ ደወልንላቸው። ልጁ እየሮጠ ስልኩን ሊነጥቀን ሲል አዩና፣ «ማሻአላህ! በሉ እሱን አምጡልኝ፤ እናንተን በኋላ አናግራችኋለሁ» አሉን።