ናፍታሊን የሸተተ ሐላዋ

ለንግድ በሄድኩበት ከተማ ሁሉ የዓረብ ሐላዋ ፈልጌ ሳልበላ አልመለስም። ትናንትም ሮቤ አንድ ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ከአዳዲስ ሻሾች ስር የሐላዋ ቆርቆሮ አወጣና ቆርሶ ሰጠኝ። አፌ ውስጥ ሲገባ ናፍታሊኑ አፈነኝ። የልብስ ሳጥን የጎረስኩ መሰለኝ።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጎባ ሳለን፣ አንድ ሀብታም ነጋዴ እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም የሰውዬውን ሐላዋ ይዘው መጡ። ዳሩ ሻግቷል፣ ዘይቱ ሸቷል፣ ከሁሉ በላይ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። እኔ ልተፋ ስል እናቴ ቆነጠጠችኝ። አባቴ ግን እንደምንም ዋጠና «ማሻ አላህ፣ ይጣፍጣል!» አለ። እንግዶቹ እንደወጡ አጥር ስር ሄዶ አስመለሰው።

«አባ፣ ሐላዋው ምን ሆኖ ነው?»

«ሰውዬው የሚጣፍጥ ነገር ሲያገኝ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ልጄን አልሰጠውም!»

ስለ ሐላዋ ብጠይቀው ስለ እህቴ መለሰልኝ። ያኔ አልገባኝም።

ትናንት መሀረቤ ላይ ተፍቼ ባለሱቁን «ሚስት አለህ?» አልኩት።

«እየፈለግኩ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ስትልክ ይሄን እንዳታስይዛቸው።»