አባቴን ከመርዶ ሳሸሽ የዋልኩበት ቀን

አጎቴ የሞተ ዕለት ጠዋት ታላቅ እህቴ ከበራችን ላይ ቆማ፣ ጥቁር ቀሚሷን በቀይ ሹራብ ሸፍና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትእዛዝ ሰጠችኝ።

«አባዬ እንዳይሰማ። ዓይኑ ከተሠራ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ አትጎንበስ፣ ዓይንህን አትሽ፣ አትጨነቅ ብሎታል። ወንድምህ ሞተ ሲባል መሬት ላይ ነው የሚፈጠፈጠው፤ አታውቂውም? እኔ ቀብሩ ላይ እገኛለሁ። ዓይኑ ሲድን በወጉ እንነግረዋለን።»

«እሺ እትዬ» አልኳት። እኔ እሺ ማለት ይቀናኛል። እህቴ ትወስናለች፣ ሐዋሳ የሚሠራው ታናሽ ወንድማችን በስልክ ይስማማል፣ እኔ እፈጽማለሁ፤ ቤታችን ከድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው። ወንድማችን ከሐዋሳ በቀጥታ ወደ ቀብሩ ሊሄድ ተነሥቷል። እህቴ ገብታ አባቴን ሳመችው፤ «ለስብሰባ ወጣ ልል ነው» አለችው። አንዱ ዓይኑ በፋሻ ታስሯል፣ ሌላውን ደግሞ ሞራ ሸፍኖት ተራውን ይጠብቃል፤ ጥቁሩን ቀሚስ አላየውም። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብሎ መረቃት።

የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ላስረዳ። አባቴ በጉብዝናው ከጉራጌ አገር መጥቶ ፒያሳ ላይ ኮፍያና ቀበቶ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። ታናሹ እዚያው እንሰቱ መሃል ቀረ። ከእናታቸው ልጆች በሕይወት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በስልክ ሲገናኙ ሰላምታው ብቻ አያልቅም፤ ላሙም፣ ጎረቤቱም፣ ዝናቡም አንድ በአንድ ይጠየቃል። አጎቴ ያን ቀን ሲነጋ አልነቃም። ቀብሩ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያ ካለፈ አለፈ። አባቴ ወንድሙን አፈር የማልበስ ዕድል ያለው ያን ቀን ከተነገረው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው የተደፈነ ጉድጓድ ወሬ ነው። ይህን እያወቅኩ እሺ ብያለሁ።

ፋሻው የሚፈታበት ቀን ስለነበረ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ፋሻውን ስታነሳለት ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገና እኔ ላይ አፈጠጠ።

«ኧረ ጉድ! አንቺ ልጅ ሸብተሻል!»

«አንተ ሳታየኝ ነዋ» አልኩት።

ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። ወዲያው ስልኬ ተርገበገበ፤ እህቴ ናት። «ወደ ቤት እንዳትመልሺው። ጎረቤት ሰምቷል። አንዷ እያለቀሰች ብትገባ አለቀልን። ፒያሳ ይዋል።»

ፒያሳ ይዋል! ልጅ ይመስል። ሽቅብ ወጣን። እኔ ቀስ በል ስለው እሱ እንደ ጎረምሳ ይፈጥናል። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፤ «የጥርስ ሕክምና!»፣ «የሚከራይ ቢሮ!»፣ «ፎቶ ኮፒ!» መንገደኛው ሁሉ ይዞርበታል። ላይ ስንደርስ ግን ቀጥ አለ። ፒያሳ ፈረሰ ሲባል ሰምቷል፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ግን ክንዴን ይዞ ጫማውን እያየ ነበር የሚሄደው።

«የት ሄደ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም ነዋ!»

«ነግረንህ ነበር እኮ አባዬ።»

«እሱንስ ነግራችሁኛል» አለና ሰፊውን መንገድ፣ አዲሱን መብራት፣ የእሱ ሱቅ የነበረበትን ቦታ ተራ በተራ አየ። እኔ እሱን አላይም ነበር። ዓይኔ የሚመጣውን ሰው ይቃኛል። ማን ሰምቷል? ማን ያቅፈውና «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል? አንድ የድሮ የሱቅ ጎረቤቱ ከሩቅ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። ከአባቴ ጀርባ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ጠቀስኩ፣ እጄን አርገበገብኩ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ይላል። ሰውየው ገባው። አባቴን አቅፎ አልለቅ አለ፣ ደጋግሞ ሳመው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

«ዛሬ ሰዉ ምን ነክቶታል?» አለ አባቴ። «ዓይኔ በራ እንጂ ከሞት አልተነሣሁ!»

ከዚያ ወርቅ ቤት ወዳለው የልብ ጓደኛው ጎራ አልን። ሁለቱ ወጣት ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል፤ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ ጾማቸው ሲለያይ አንዱ ለሌላው ያበስል ነበር። ሽማግሌው ከባንኮኒው ኋላ ወጥተው የአባቴን እጅ ያዙ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። አባቴ መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች ሊያይ ጠጋ ሲል እኔን ገለል አደረጉኝ።

«አላወቀም?»

«አላወቀም ጋሼ።»

«ቀብሩስ?»

«ነገ ነው።»

አተያያቸው አናደደኝ። ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ? ውሳኔው የእኔ ነው እንዴ? ለራሴ ነፍሴን አላውቅም፣ እሳቸው ደግሞ ይህችን ዓይናቸውን ተክለውብኝ ይቆማሉ!

ኬክ ቤት ገባን። አባቴ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ አዘዘ፤ ስኳሩ ጺሙ ላይ ተበተነ። ያለ ማንም እርዳታ አስተናጋጁን ልጅ በእጁ ጠርቶ ውኃ አስመጣ፤ በዚህች ብቻ እንዴት ኮራ መሰላችሁ። ደስታው አንጀቴን በላው።

«ስልኬን ስጪኝ» አለኝ።

ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «ባትሪው አልቋል» አልኩ።

«በአንቺው ደውይልኛ! ለወንድሜ ዓይኔ መብራቱን ልንገረው። ፋሻው እንደተፈታ ከማንም በፊት ለእኔ ንገረኝ ብሎኛል።»

ስልኬን አወጣሁ። የአጎቴን ስም ፈልጌ አገኘሁ። ከዚህ በኋላ የቀረኝ ሥራ ቀላል ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ይጠራል» ማለት፣ ትንሽ ቆይቼ «አያነሳም» ማለት። ሬሳው አልጋ ላይ የተጋደመ ሰውዬ ስልክ «ይጠራል አባዬ» ልል ነው! አባቴ በተከፈተችው ዓይኑ አፌን አፌን ያየኛል። እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ የግል እሴታችሁን ጻፉ ሲለን ከጎኔ የተቀመጠችውን ሰርቄ አየሁና እንደ እሷ «ታማኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ተጨበጨበልን፣ ሻይ ጠጣን፣ አበቃ። እዚያ ኬክ ቤት ውስጥ ግን ያቺ ቃል አነቀችኝ። ታማኝ ለማን? ለእህቴ ቃል ገብቻለሁ። አባቴ ደግሞ ፊቴ ተቀምጧል። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እሷ የምትቆምበትን ታውቃለች፤ አባዬ ዓይኑ ይዳን፣ ሌላው ይደርሳል፤ በዚህ ላይ እንደ ዓለት ነች። እኔ ነኝ የምቆምበት የሌለኝ። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ሰው ሲቆጣ እያየሁ ወደ ሌላው ሳዘነብል ነው የኖርኩት። ሰው ምን ይለኛል እንጂ እኔ ምን እላለሁ ብዬ አላውቅም። እናም ያን ጊዜ፣ ስልኩን እንደያዝኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ቁልጭ አለልኝ፦ የአባቴን ኀዘን ከአባቴ መደበቅ አልችልም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አልችልም።

«አባዬ፣ ተነሥ ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«ቤት እንሂድ።»

መርዶ ኬክ ቤት ውስጥ አይነገርም። ሰው ብቻውንም አይሰማውም። ይህንንስ አልሽረውም። ስናልፍ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆም አልኩና «ጋሼ፣ እስከ ቤት አብረውን ይምጡ» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው «እህትሽ ተስማማች?» አሉኝ።

«አልተስማማችም። እኔ ነኝ የምነግረው።»

ሽማግሌው ሱቃቸውን ለሠራተኛቸው ትተው መጡ። ውቤ በረሃ፣ ካልፈረሱት ቤቶች መሃል ወዳለችው ቤታችን ስንቃረብ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ተከተሉን። አባቴ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያ አላነበበም፣ ምንም አልጠየቀኝም። ያረጀ ሰው ጎረቤት በዝምታ ሲከተለው ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ሳሎን አስቀመጥነው። ጓደኛው በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው።

«አባዬ፣ አጎቴ ዐርፏል።»

«መቼ?»

«ዛሬ፣ ሊነጋ ሲል።»

«ቀብሩስ?»

«ነገ ስድስት ሰዓት።»

«እደርሳለሁ?»

«ትደርሳለህ።»

ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የወጣው። እጁን ወደ ዓይኑ ሲሰድ እኔ አንዱን፣ ሽማግሌው ሌላውን ያዝን። «ልቀቁኝ! ወንድሜን የማላይባት ዓይን ለምኔ ናት!» እያለ ታገለን። እኔም አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ፣ እየጮህኩ።

እህቴ ደወለች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ሰፈራችን ወሬ አያሳድርም። «አብደሻል? አደራ አላልኩሽም? ዓይኑ ቢጠፋ በአንቺ ነው!»

«በእኔ ነው» አልኳት። «ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ እሱም ተቆጣኝ፤ ከዚያ ጠብታውን በምን በምን ሰዓት እንደምጨምርለት፣ ጥቁር መነጽር እንዳላወልቅበት ነገረኝ። ሊነጋጋ ሲል በኮንትራት መኪና ወጣን። መንገዱን ሁሉ እጁን ይዤ ነው የሄድኩት፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር። ደረስን። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም። ሕዝቡ አባቴን ሲያይ ልቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ፤ እህቴ ግን ከልቅሶው መሃል እኔን ብቻ ነበር የምታየኝ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ አትጎንበስ ስለተባለ አፈሩን እኔ ዘግኜ መዳፉ ላይ አደረግኩለት። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ በተነው፤ በአገሩ ቋንቋ ወንድሙን የሆነ ነገር አለው። ምን እንዳለው አልጠየቅኩትም።

አሁን ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አላበቃም። ስንመለስ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ መገለ። ብዙ ተመላለስን፣ ብዙ ጠብታ ፈሰሰ። ዛሬ አባቴ ሰው ይለያል፣ መንገድ ያያል፤ ጽሑፍ ግን አያነብም። ለሁለተኛው ዓይን ደግሞ እንቢ ብሏል። እህቴ አንድ ቀን ጠብታውን እያስቀመጠች «ይኸውልሽ እውነትሽ» አለችኝ። ሐኪሙን ከልቅሶው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ «ይሁን አይሁን መናገር አልችልም» አለኝ። ይህቺ «መናገር አልችልም» እስከ ዛሬ ሰላም ትነሳኛለች። ሥራ ላይ ሳለሁ ትመጣለች፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትመጣለች። የምታምኑበትን ስታውቁ ልባችሁ ያርፋል የሚል ሰው ካለ እኔን ይምጣና ይየኝ። ማወቅ አላሳረፈኝም። ያን ቀን ቢመለስ ያንኑ አደርጋለሁ፤ እየፈራሁ፣ ግን አደርጋለሁ። ድሮ ይህን እንኳ ስለ ራሴ ማለት አልችልም ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ሦስታችንም አባታችን ዘንድ ነበርን። ከምሳ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ልክ ስለ ቤት ኪራይ እንደሚያወራ ሰው ጀመረ።

«የእኔ ቀን ሲደርስ» አለ፤ እህቴ «ኧረ በማርያም፣ በበዓል ምድር!» ብላ ልታቋርጠው ስትል እጁን አነሣ። «አንቺ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ እድሩን ያዢ፤ ለዚያ ከአንቺ የሚበልጥ የለም። መርዶዬን የሚነግር ግን» አለና ወደ እኔ ዞረ፣ «መርዶዬን የምትነግር እሷ ትሁን። በዚያው ዕለት። ማንም ለቀብሬ እንዳይዘገይ።»

እህቴ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች። ወንድሜ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ስደውል ወንድሜ ሃሎ አይልም፤ ገና ስልኩን ሲያነሳ «አባዬ ደህና ነው?» ነው የሚለኝ። «ደህና ነው» እለዋለሁ፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ስለ ሌላው እናወራለን። እህቴ ደህና ነው ስትለው ግን የእሷን ስልክ ዘግቶ ለእኔ ይደውላል።